አልነሣም ያለ ሞተርና የቸኮለ ፍርድ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ቤት አያያዝ መናገር ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ለዚህ ገጽ እንግዳ በሚመስል ነገር፥ ይኸውም አልነሣም ስላለ ስለ አንድ አሮጌ የአትክልት ትራክተር ሞተር እንናገራለን። «ይህስ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይረባል» የሚል ሰው ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልን እንለምነዋለን። ሞተሩን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ሥርዓት ቤትን ለማስተዳደር ከሚያስፈልገው ሥርዓት ጋር አንድ ሆኖ አግኝተነዋልና፤ ይህንንም የተማርነው በራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ ደብቀን ልናስቀረው አልወደድንም።

የአትክልት ትራክተር የሚባለው ከእርሻ ትራክተር እጅግ ያነሰ፥ አንድ ሰው ተቀምጦበት የግቢ ሣር የሚያጭድበት፥ አፈር የሚደለድልበትና ትንሽ ጋሪ የሚጎትትበት መኪና ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ አገር ከከተማ ወጣ ብለው ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች በበዙ ጊዜ ይህ መኪና በጣም ተፈላጊ ሆነ። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለው የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ ከብ ካዴት ብሎ የሰየመውን ትራክተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ለገበያ ሲያቀርብ፥ በውስጡ ያለው ሞተር በዊስኮንሲን የሚገኘው የኮህለር ኩባንያ የሠራው፥ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለውና 7 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር። ጆን ዲር የተባለውም ኩባንያ በ1963 ዓ.ም. 110 የተባለውን የራሱን ትራክተር አወጣ። እነዚህ ሞተሮች ከወፍራም ብረት የተሠሩና ውስጣቸው ያልተወሳሰበ ስለ ሆነ፥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏቸው እስከ ዛሬ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ አሮጌ ነው ተብሎ ብቻ የሚጣል ነገር አይደለም።

እኛም ከነዚህ ዓይነቶች አንዱን፥ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው የኮህለር ሞተር የተገጠመበትን፥ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር ሰው ገዝተን በግቢያችን እንሠራበታለን። በደጋው አገራችን የሣር ነገር ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነውና ትራክተሩ ከክረምት እስከ ጥቅምት ይሠራል፤ በኅዳር ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር የልጅ ልጃችን ክርስትና ሊነሣ 2 ቀን ሲቀረው፥ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበርና ትራክተሩ ይውጣ አልን።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ነገር ግን እሳት አይዝም። አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ አሥር ጊዜ ሞከርን። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ቁጣችን እየበረታ ሄደ። በቤታችን ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ ሽማግሌ አትክልተኛ አሉን፤ መኪናውንም የሚነዱት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት ሁልጊዜ አንቱ ስንላቸው የኖርነውን ሰው፥ በልጆቻችንና በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት «አንተ ነህ ያበላሸኸው! ምን አድርገህበት ነው?» አልናቸው። እርሳቸውም «እኔስ ጌታዬ፥ ካስገባነው ወዲህ እጄን አላሳረፍሁበትም» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኛም ዝምታቸውን ጥፋታቸውን እንደ ማመን ቆጠርነው።

ወዲያው ሰው ልከን አዲስ ባትሪና አዲስ ካንዴላ አስገዛን። ሁለቱም ተገጠሙ፤ ሞተሩ ግን አሁንም አልተነሣም። ይህ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው። ሕመሙን ሳይመረምሩ መድኃኒት መግዛት ለሰውም ለመኪናም ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ ዕቃ በዕቃ ላይ ሲለወጥ ከመጀመሪያው የተበላሸው የትኛው እንደ ነበረ ለመለየት የማይቻል መሆኑ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ነው።

በማግሥቱ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን መጣና የሆነውን ነገርነው። እርሱ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አትክልተኛውን አስጠራና እንደ ሐኪም ይጠይቃቸው ጀመር። «አባቴ፥ መጨረሻ የሠራው መቼ ነው? ያን ቀን አነሣሡ ደኅና ነበር ወይስ ያስቸግር ነበር? ሲጠፋስ ራሱ ጠፋ ወይስ እርስዎ አጠፉት? ጢሱ ምን ይመስል ነበር?» አላቸው። እርሳቸውም «በኅዳር ሚካኤል ሰሞን የመጨረሻውን ሣር አጨድሁበት፤ ያን ቀን በአንድ ጊዜ ነው የተነሣው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፤ ጢስም አልነበረውም» ብለው መለሱ። ወዳጃችን ወደ እኛ ዞሮ «እንግዲህ በሥራ ላይ ሳለ የተሰበረ ነገር አለ ለማለት ምክንያት የለንም፤ ደኅና ሆኖ ገብቶ ታሞ የወጣ ከሆነ አስቀድመን የምንፈልገው መቆም ያበላሸውን ነገር ነው» አለን። እኛ አንድ ቀን ሙሉ በቁጣ ያላገኘነውን፥ እርሱ በ4 ጥያቄ ግማሹን አገኘው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥንቃቄው ገባ። ትራክተሩን ከዕቃ ቤት አውጥቶ አየር ወዳለበት አመጣው፤ ማርሹን አስለቀቀ፤ ፍሬኑን አስያዘ፤ የማጨጃውንም ስለት ከሞተሩ ለየው። ሲጋራና ማናቸውም እሳት ከአካባቢው እንዲርቅ፥ ልጆችም በሩቅ ሆነው እንዲያዩ አዘዘ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይልቅ ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየሄደ ራቅ ብሎ ካለ እሳት ሊደርስ ይችላል። ከስለቱ ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው ቢኖርም አስቀድሞ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ማራቅ ይገባዋል፤ ስለቱ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ድንገት ሊነሣ ይችላልና። በተዘጋ ክፍል የተተወ የከሰል ምድጃ ሰውን በእንቅልፉ እንደሚገድል የማያውቅ የለም። ከሞተር የሚወጣውም ጢስ ያንኑ መርዝ፥ ማለት ሽታና መልክ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፥ የያዘ ስለ ሆነ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም።

አሁን የሥራውን መሠረት በአጭሩ እናስረዳ። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. የሠራው ሞተር ሥራውን በ4 እርምጃ የሚፈጽም ነው፤ የኛም ትራክተር ሞተር የዚሁ ዘር ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ቤንዚንና አየር የተቀላቀለበትን ይስባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ያንኑ ያምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭ ሲል የታመቀው ተቃጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ተመልሶ ሲወጣ የተቃጠለውን ወደ ውጭ ያስወጣል። ጉልበት የሚገኘው ከሦስተኛው እርምጃ ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ቢዞር ይህ ቃጠሎ 1,800 ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ ሞተር እንዲነሣ የሚፈልገው 3 ነገር ነው፤ የተመጠነ የቤንዚንና የአየር ቅልቅል፥ በጊዜው የሚደርስ ብልጭታ፥ በቂ እመቃ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል አይነሣም፤ ሦስቱ ከተሟሉለት ግን አርጅቻለሁ ብሎ እምቢ አይልም። የፈላጊው ብልኀት የጎደለው የትኛው መሆኑን አንድ በአንድ እየጠየቀ መለየት ነው።

ምርመራውም የሚጀመረው መፍቻ ከማይፈልገው ነገር ነው። ቤንዚን አለ ወይ? ከማጠራቀሚያው በታች ያለችው መዝጊያ ተከፍታለች ወይ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚሳበው የአየር መዝጊያ፥ ቾክ የሚሉት፥ ተስቧል ወይ? የካንዴላው ሽቦ በቦታው ነው ወይ? አይጥ የበላው ሽቦ፥ ወይም በአየር መሳቢያው ውስጥ የሠራችው ጎጆ አለ ወይ? በዕቃ ቤት ወራት በቆመ መኪና ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው። እነዚህን ማየት 5 ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ከነዚህ በአንዱ ብቻ የቆመን ሞተር እስከ ውስጡ የፈታ ሰው ሞልቷል።

ቀጥሎ ባትሪው ይታያል። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብቻ ብሎ ዝም የሚል ከሆነ፥ ወይም እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፥ ጥፋቱ ከባትሪው ወይም ከሽቦዎቹ መጋጠሚያ ነው። የ12 ቮልት ባትሪ በሚገባ ሲሞላና አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከሆነ ተራቁቷል ማለት ነው። በመጋጠሚያው ላይ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሽቦ ብሩሽ ሊጠረግ ይገባዋል። ባትሪው በሚፈታበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ከትራክተሩ አካል ጋር የተያያዘው ሽቦ ነው፤ ሲገጠም ግን እርሱ መጨረሻ ይሆናል። የኛ ሞተር በደኅና ይዞር ስለ ነበረ ባትሪው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ በከንቱ የገዛነው መሆኑም ታወቀ።

ከዚያ ካንዴላው ተፈታ። በሞተር ፍርድ ቤት ዋናው ምስክር ካንዴላ ነው። ብዙ ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን ወደ ውስጥ አልደረሰም፤ በቤንዚን ርሶ ከወጣ ቤንዚኑ ደርሷል፥ ነገር ግን ወይ ብልጭታ የለም ወይ ቤንዚን አጥለቅልቆታል፤ ጥቁር ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል፤ ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ሲሠራ ደኅና ነበር። ቤንዚን ያጥለቀለቀው ከሆነ ካንዴላውን አድርቆ፥ ቾኩን ከፍቶ፥ ጥቂት ጊዜ አቆይቶ መሞከር ይበቃል። የኛ ካንዴላ ያን ሁሉ ሞክረን ደረቅ ሆኖ ወጣ።

ይሁንና ወዳጃችን በአንድ ምስክር አልፈረደም። የካንዴላውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ደፈነ፤ ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አያይዞ ከቀዳዳው አርቆ በባዶ ብረት ላይ አስደገፈና ሞተሩን አዞረ። በጥላ ሲያዩት ሰማያዊ ብልጭታ ጣ ጣ እያለ ታየ። ብልጭታው ባይኖር ወይም ቢጫና ደካማ ቢሆን ኖሮ፥ የሚቀጥለው ምርመራ ኤሌክትሪኩን እየቆረጠች ብልጭታውን በጊዜው የምትልከውን ትንሽ መገናኛ ማየት ይሆን ነበር። በነዚህ አሮጌ የኮህለር ሞተሮች መገናኛይቱ በሞተሩ ጎን በትንሽ ክዳን ሥር ስለምትገኝ ለማየት አታስቸግርም፤ ስትከፈትም ክፍተቷ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። በእርጥበት ወራት ስትቆም ዝገት ይለብሳታልና በደረቅ ንጹሕ ወረቀት መካከሏን መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ካልረዳ ነው ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ቦቢናው የሚኬደው።

ካንዴላው ገና እንደ ተፈታ ሳለ እመቃው ተመረመረ። ጨርቁ ተነሥቶ አውራ ጣት በቀዳዳው ላይ በርትቶ ሲጫን ሞተሩ ይዞራል፤ ጣትን ገፍቶ እስ ብሎ የሚወጣ ከሆነ እመቃ አለ። አንዳንድ ሞተሮች በቀላሉ እንዲነሡ ሲባል በዝግታ ሲዞሩ እመቃውን የሚቀንስ መሣሪያ በውስጣቸው ስላለ፥ በመለኪያ ያነሰ ቁጥር ቢታይ ቶሎ ሞቷል ማለት አይገባም። እመቃው ፈጽሞ የደከመ ከሆነ ግን አንድ ሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ጨምሮ ዳግመኛ መሞከር ነው። በዘይቱ ከተሻለው ያረጀው የፒስተኑ ፋሻ ነው፤ ካልተሻለው የማይከደን ቫልቮላ ወይም ያፈሰሰ የቴስታታ ማሸጊያ ነው። ብዙ ወራት በቆመ ሞተር ቫልቮላ ዝጎ ተከፍቶ መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም። የኛ ሞተር ግን ጣታችንን ገፍቶ አስነሣው።

አሁን ከሦስቱ ሁለቱ ነጻ ወጡ። ወዳጃችን ቀጥሎ ያደረገው ነገር እጅግ ቀላልና ጠቃሚ ስለ ሆነ አንባብያን ልብ እንዲሉት እንወዳለን። ከአዲስ ቤንዚን አንድ ሻይ ማንኪያ ብቻ በካንዴላው ቀዳዳ አፈሰሰ፤ ዕቃውን ከድኖ ወደ ሩቅ አስወሰደ፤ የፈሰሰውን ጠርጎ ካንዴላውን ገጠመና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ! ልጆቹ እልል ከማለታቸው ግን ጥቂት አጓርቶ ጠፋ። እኛ አዘንን፤ እርሱ ግን ደስ አለው። «ቤንዚን በእጅ ሲሰጡት ሠራ፤ ሲተዉት ጠፋ፤ እንግዲህ ብልጭታውም እመቃውም ደኅና ነው። የጎደለው የቤንዚን መንገድ ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ ቤንዚኑ ከምንጩ ጀምሮ ተከተለ። ውሃ በቦይ አልደርስ ሲል ባላገር ከምንጩ ጀምሮ ቦዩን እየተከተለ የተደፈነበትን ቦታ እንደሚያገኘው ሁሉ ማለት ነው። የማጠራቀሚያው ክዳን ትንሽ የአየር ቀዳዳ አላት፤ እርሷ ከተደፈነች አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ ክዳኑን ላላ አድርጎ መሞከር ይህን ይገልጠዋል። ክዳኑ ደኅና ሆነ። ማጠራቀሚያው ሲከፈት ግን የቤንዚን ሽታ አልሸተተም፤ የቆየ የቀለም ሽታ ነበረው። የመውረጃው ቱቦ ሲነቀል ቤንዚኑ በጠብታ ብቻ ወረደ፤ ፊልትሮው ጠቁሮ ነበር። በመጨረሻም ከካርቡራተሩ ሥር ያለችው የቤንዚን ጽዋ ተፈታች። በውስጧ የተገኘው እንደ ማር የወፈረ ቡናማ ሙጫ ነበር፤ ቤንዚን የሚያልፍባትም ቀጭን ቀዳዳ በዚያው ሙጫ ተደፍናለች።

ቤንዚን እንደ ጠጅ አይደለም፤ ሲቆይ አይጥመውም። ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይሄዳል፤ ቶሎ እሳት የሚይዘውም እርሱ ነው። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይወፍርና ሙጫ ይሆናል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ያዝጋል። ጥቂት ወራት ይህን ለማድረግ ይበቃሉ፤ የኛ ግን 8 ወር ቆሞ ነበር።

ወዳጃችን ጽዋይቱን በእጁ እንደ ያዘ «ይህስ ባይቀመጥበት ኖሮ አንዳች ባልሆነ ነበር፤ ሲገባ ለምን ሳይቀዳ ቀረ?» አለ። አትክልተኛው መሬት መሬት አዩ፤ ዝም አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ትዝ ያለን። በኅዳር፥ መኪናው ሲገባ፥ እኒህ ሽማግሌ ባዶ ጀሪካን ይዘው ወደ በረንዳው መጥተው «ጌታዬ፥ ቤንዚኑን ልቅዳው ወይ?» ብለውን ነበር። እኛም ከምናነበው ወረቀት ቀና ሳንል «ይቆይ፤ በቅርብ እንሠራበታለን» አልናቸው። ከዚያ በኋላ ረሳነው።

ክቡራን አንባብያን፤ የነገሩ ሥር ይህ ነው። የሞተሩን ሕመም ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ሰው እኒያው የወነጀልናቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን በደኅና ቃል ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ፥ ባትሪም ካንዴላም ሳይገዛ፥ ቀንም ሳይባክን፥ ነገሩ በአንድ አፍታ በተገለጠ ነበር። ነገር ግን በልጆቹ ፊት ለተቈጣ ጌታ «ያዘዙት እርስዎ ነዎት» ብሎ መመለስ በእርሳቸው ዘንድ ነውር ስለ ሆነ፥ ጥፋታችንን በላያቸው ተሸክመው ዝም አሉ። እኛ ከሳሽም ዳኛም ሆነን ምስክሩን አፉን ዘጋነው። የቸኮለ ፍርድ የሚበድለው የተፈረደበትን ብቻ አይደለም፤ የፈረደውንም ከእውነት ይለየዋል።

ሥራው እንዴት እንደ ተፈጸመ እንናገር። አሮጌው ቤንዚን ሁሉ ተቀድቶ ከሰውና ከእሳት ርቆ ተቀመጠ። ማጠራቀሚያው ታጠበ፤ ፊልትሮውና የተሰነጠቀው የጎማ ቱቦ በአዲስ ተተኩ። የካርቡራተሩ ክፍሎች በማጽጃ ፈሳሽ ተዘፍዝፈው ቀዳዳዎቹ በአየር ተነፉ። የተደፈነችውን ቀጭን ቀዳዳ ለመክፈት ወዳጃችን የወሰደው ከኤሌክትሪክ ሽቦ የመዘዛትን አንዲት የመዳብ ክር ነው። መርፌ መጠቀም አይገባም፤ ብረቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ቀዳዳይቱን ያሰፋታል፥ የሰፋች ቀዳዳም ተመልሳ አትጠብምና። ሁሉ ተገጥሞ አዲስ ቤንዚን ተጨመረ፤ በሁለተኛው ሙከራ ሞተሩ ተነሣና ጸንቶ ሠራ።

በዚህ ላይ ለደጋ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር አንድ እጅ ቤንዚን ለማቃጠል በክብደት 15 እጅ ያህል አየር ስለሚፈልግ፥ በቆላና በባሕር ዳር የተመጠነ ካርቡራተር በዚህ አገር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል፥ አነሣሡም ያስቸግራል። በአሮጌዎቹ ካርቡራተሮች የቤንዚኑን ልክ የምትወስን ብሎን ስላለች፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እርሷን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ ድምፁ እስኪስተካከል ድረስ መመጠን ይቻላል። አብዝቶ ማጥበቅ ግን ሞተሩን ያግላልና ልክ ያስፈልገዋል። ጉልበቱም ቢሆን ከአየሩ ጋር ስለሚቀንስ፥ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በአዲስ አበባ 6 ያህል ቢሰጥ ሰነፈ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም።

መኪናውን ለብዙ ወራት የሚያቆም ሰውም እንዲህ ያድርግ። ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው ይቅዳ፤ በካርቡራተሩ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩን አስነሥቶ በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ይተወው። ካንዴላውን ፈትቶ ጥቂት ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ያንጠባጥብ፤ ሽቦው ከካንዴላው እንደ ተለየ ሞተሩን ጥቂት አዙሮ መልሶ ይግጠም። ባትሪውን ነቅሎ በደረቅ ቦታ ያኑር፤ በየጊዜውም ያስሞላ። የአየር መሳቢያውን አይጥ እንዳይገባበት በጨርቅ ይሸፍን፤ ጨርቁ መኖሩንም በወረቀት ጽፎ በመሪው ላይ ይሰር። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያልተሠራ እንደ ሆነ የምናጣው ግን አሁን እንደ ነገርናችሁ ከገንዘብም ያልፋል።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ልጆቻችን በደስታ ጮኹ። እኛ ግን ሞተሩ እንዲጠፋ አዘዝንና፥ ቀደም ሲል በቆምንበት በዚያው ቦታ፥ ያን ቀን የነበሩት ሁሉ ባሉበት፥ «በኅዳር ቤንዚኑን ልቅዳ ብለውን ነበር፤ ይቆይ ያልነው እኛ ነን፤ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። ወቀሳው በሰው ፊት ሆኖ ይቅርታው በጓዳ ቢሆን ዕዳው ግማሹ ሳይከፈል የቀረ መስሎ ታየን። ሽማግሌውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ኧረ ምን ሆኖ ጌታዬ! እንግዲህ ሣሩን ልጨድ፥ እንዳይመሽብኝ» አሉና ወደ ትራክተሩ ወጡ።

ክርስትናው በሰላም ተፈጸመ፤ እንግዶቻችንም በታጨደው ሜዳ ላይ ተቀምጠው በሉ ጠጡ። በቤታችንም ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ ቆሟል፤ የተበላሸ ነገር ሲገኝ «ማን ነው ያበላሸው?» ከማለት በፊት «መጨረሻ ደኅና የነበረው መቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጆቻችንም ብርጭቆ ሲሰብሩ ይህን ደንብ ጠቅሰው ይከራከሩናል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሽማግሌው አትክልተኛ ጀሪካናቸውን ይዘው በበረንዳው በኩል ያልፋሉ። ቤንዚኑን የሚቀዱት እኛን ሳይጠይቁ ነው።